ሩዝ ያበቀለው ግድግዳዬ

ግድግዳ ሩዝ ሲያበቅል አይታችሁ እንደሆነ አላውቅም። እኔ አይቻለሁ፤ ያውም የገዛ ቤቴ ግድግዳ። ለሰው ሳወራው ይስቃል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ከሳቁ በኋላ ያለውን ግን ለብዙ ሰው አልነገርሁም። የማያስመሰግነኝ ነገር አለበትና እናንተ ታግሣችሁ ስሙኝ።

ቤቴ ከወረታ ወደ ሜዳው ወረድ ብሎ ነው። ብርቄ ይሉኛል። ተማሪ ቤት ገብቼ አላውቅም። አባቴ ቄስ ነበርና ለልጆች ፊደል ሲያስቆጥር እኔ ከደጅ ምስር እየለቀምሁ ስሰማ ነው ማንበቡም መጻፉም የያዘልኝ። ስለዚህ አጻጻፌ ወዲያ ወዲህ ቢል እንደ አረማመዴ ቁጠሩት። ገበያ ብዬ ወጥቼ ለቅሶ ቤት የምገኝ ሰው ነኝ።

ስንዱ የምትባል የልጅ ልጅ አለችኝ። እኔው ነኝ ያሳደግኋት። ወላጅ እናቷን፣ አንዲት ልጄን፣ እሷን ወልዳ አራስ ሳለች አጣኋት። ክረምት ነበር። የቤታችን ምርጊት ተፈረካክሶ ነፋሱም ውሃውም እንደ ልቡ ይገባ ነበር። ብርድ መታት አልን። ምን እንደ መታት ዛሬም አላውቅም፤ ሐኪም አላያትም። ያን ግድግዳ ግን ይቅር አላልሁትም።

እንግዲህ ስንዱ አግብታ፣ አርግዛ፣ ለበኩሯ ወደ እኔ መጣች። ልማዱ ነው፤ የመጀመሪያው ልጅ በእናት ቤት ይወለዳል። ባሏ የጭነት መኪና ነጂ ስለሆነ ኑሮው መንገድ ላይ ነው። ሆዷን ይዛ ከባጃጅ ስትወርድ ሳያት ዓይኔ ያረፈው እሷ ላይ አይደለም፤ ከኋላዋ ባለው ግድግዳ ላይ ነው። ያው እንደ ጥንቱ ተሰነጣጥቋል። ይህች ልጅ ነፋስ በሚገባበት ቤት አራስ አትሆንም ብዬ ለራሴ ማልሁ።

አዱኛ የሚባል ግድግዳ የሚመርግ ጎልማሳ ወረታ ላይ አለ ተባልሁ። አስጠራሁት። የሠራቸውን ቤቶች በስልኩ እያሳየ፣

"እማማ ብርቄ፣ ይህን ቤት ሙሽራ ነው የማደርግልዎ" አለኝ።

"ሙሽራው ይቅርብኝ ልጄ። ውሃ አያስገባ እንጂ።"

"ውሃ ቢለምነው አያስገባም!"

ግማሹን ከፈልሁትና ጀመረ። አጀማመሩስ ግሩም ነበር። አሮጌውን ምርጊት በአንድ ቀን አራግፎ ጣለው፤ ማገሩ እንደ ከሳ ከብት ጎድን ገጥጦ ወጣ። ከዚያ ከደጄ ጥቁሩን አፈር፣ ዋልካውን፣ ቆፈረ፤ ውሃ ለቀቀበት፤ የሩዝ ገለባ በትኖ ይረግጠው ጀመር።

"ጭዱስ?" አልሁት።

"የምን ጭድ እማማ?"

"የጤፍ ጭድ ነዋ። ያለ ጭድ ምርጊት አለ?"

"ሜዳው ሁሉ ሩዝ ሆኖ ጤፍ ከየት ይምጣ? ገለባ ገለባ ነው።"

ስለ ጤፉ እውነቱን ነው። በእኛ ሜዳ ሩዝ ከገባ ወዲህ የጤፍ ጭድ ከደጋ ካልወረደ አይገኝም።

"ዛሬ ተረግጦ ዛሬውኑ ይለጠፋል እንዴ? አይቦካም?"

"አይ እማማ! ዘመኑ የፍጥነት ነው።"

ሥራ የያዘ ሰው ፊት አፌ ይያዛል፤ ክፉ አመሌ ነው። በሁለት ቀን ሦስቱን ጎን መረገ። አራተኛው፣ የስንዱ አልጋ ያለበት፣ ነፋስ የሚመጣበት ጎን ቀረ። "ነገ ጨርሼ እመርቅልዎታለሁ" ብሎ አካፋውን ይዞ ሄደ።

ነገም መጣ፣ ከነገ ወዲያም መጣ፣ እሱ ግን አልመጣም። ስንዱ ትደውልለታለች።

"መጣሁ፣ ባጃጅ ላይ ነኝ" ይላል።

በማግስቱም ባጃጅ ላይ ነው። በሳምንቱም ባጃጅ ላይ ነው።

"እማዬ፣ ይህ ሰው ቤቱም እዚያው ባጃጁ ላይ ነው መሰለኝ" አለች ስንዱ።

የግንቦት ማብቂያ ላይ ዝናቡ አንድ ሁለቴ መጣል ጀመረ። አንድ ቀን ጠዋት በሩን ከፍቼ ስወጣ ግድግዳው አረንጓዴ ጢም አብቅሏል! ቀረብ ብዬ ባይ ሩዝ ነው። ለካ ገለባው በደንብ አልተወቃም ኖሯል፤ ፍሬው ከጭቃው ጋር ተረግጦ፣ ዝናብ ሲያገኝ ተነሣ። ስንዱ ወጥታ አየችና ሆዷን ይዛ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

"እማዬ፣ እኔ ማሳ ውስጥ ልወልድ ነው!"

ሳቁ ሦስት ቀን ነው የቆየው። በአራተኛው ቀን የጎረቤት ላም ገብታ ቡቃያውን ስትነጭ ምርጊቱ አብሮ እንደ ልጥ ተላጠ። አንዱ ጎን ተገንድሶ ደጄ ላይ ተከመረ። ስንዱ ያን ቀን አልሳቀችም። ወገቧን ይዛ ደፉ ላይ ተቀመጠችና፣

"እማዬ፣ እናቴ የሞተችው በዚህ ቤት ነው አይደል?" አለችኝ።

ከወደቀው ጭቃ አንድ ጓል አነሣሁ፣ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠርሁ፣ ወረታ ሄድሁ።

አዱኛን ከአስፋልቱ ዳር የሌላ ሰው ቤት ሲመርግ አገኘሁት፤ ርብራብ ላይ ወጥቷል። ጓሉን ፈትቼ አሳየሁት፣ የሆነውን ነገርሁት።

"ታዲያ ምን ከፋዎ?" አለ ከላይ ሆኖ። "ግድግዳም እርሻም አገኙ እኮ! ሁለት ዋጋ ማስከፈል ነበረብኝ።"

በአካባቢው ያለው ሰው ሳቀ። ፊቴ ጋለ።

"ልጄ፣ ቤት ውስጥ ቀኗ የደረሰ እርጉዝ አለች" አልሁት።

ሳቁን ተወ። ወደ እጁ አየ። "ሰኞ" አለ፤ "እማምላክን፣ ሰኞ።" የትኛው ሰኞ እንደሆነ አልነገረኝም።

እግሬ እንደ አመሉ ገበያ ውስጥ ይዞኝ ገባ፣ ሸክላ ከሚሸጥበት ዳር። ትዋብ እዚያ ገንቦዎቿን ደርድራ ተቀምጣለች። ትዋብ ማለት ከቤቴ ከቦዩ ማዶ የምትኖር ሸክላ ሠሪ ናት። አርባ ዓመት ጎረቤቴ ናት፤ አርባ ዓመት ሙሉ ድስትና ገንቦ ከሷ ገዝቻለሁ። ቤቷ ግን ገብቼ ቁጭ ብዬ እህል ውሃ ቀምሼ አላውቅም፣ እሷም እኔ ቤት ገብታ አታውቅም። በእኛ አገር ሸክላ የምትሠራ ሴት ዓይኗ ሰው ይበላል ይባላል። ቡዳ ይሏታል። ይህን የማታውቁ ካላችሁ ዕድለኞች ናችሁ።

"ምን ተሸክመሽ ነው የምትዞሪው?" አለችኝ ነጠላዬን አይታ።

ጓሉን ሰጠኋት። ሰበረችው፣ አሸተተችው፣ ምላሷ ጫፍ ላይ አደረገችና እንትፍ አለችው።

"ይህ ጭቃ ጥሬ ነው። ዋልካ ብቻውን ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ የሚያረጋው ነገር ይፈልጋል። የሩዝ ገለባም በአንድ ቀን አይበሰብስ፣ አይዝ። ማነው የሠራልሽ?"

"አዱኛ የሚሉት።"

"ሸክላ ቢሠራ ኖሮ እሳት ያዋርደው ነበር። ግድግዳ ሆኖ ላም አዋረደው።"

መሳቅ አማረኝ፣ እንባ ግን ቀደመኝ። "ትዋብ፣ አንች ብትመርጊልኝስ?" አልኋት።

ገንቦዋን በጨርቅ ጠረገች። የጠረገችውን ደግማ ጠረገች።

"ቤትሽ እርጉዝ አለች ይላሉ።"

"አለች።"

"እንግዲያ አልመጣም።"

"ምነው?"

"ነገ ልጁ ይወለዳል። ልጅ ደግሞ ያለቅሳል። እሱ ባለቀሰ ቁጥር እኔ ላለቅስ ነው?" ቀና ብላ አየችኝ። "ልጅሽ ታማ ደጄ የመጣሽበትን ቀን ረሳሽው?"

አልረሳሁትም። ስንዱ ሳትታሰብ፣ እናቷ ገና የአራት ዓመት ልጅ ሳለች ኩፍኝ ይዟት ስትቃጠል፣ ሰው "ዓይን ነው፣ ትዋብን እንትፍ አስብያት፣ ይለቃታል" አለኝ። እኔም ልጄን አቅፌ፣ ሰው አስከትዬ፣ ደጇ ላይ ቆምሁ። ትዋብ ያን ጊዜ ልጅ እግር ሙሽራ ነበረች። ወጣች፣ ሁላችንንም አየች፣ በልጄ ፊት ላይ እንትፍ አለች። በሩንም ዘግታ ገባች። ልጄ ዳነች። ልጄ በመዳኗ ትዋብ ቡዳ መሆኗ ተረጋገጠ። እንዲህ ነው ያደረግኋት።

ያን ዕለት ከገበያ እንዴት እንደተመለስሁ አላስታውስም።

በማግስቱ ጠዋት ይቅርታ ልለምናት ተነሣሁ። ይቅርታ ለማኝ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ ነው የሚሄድ። ግን የእኛ ሜዳ ጥቁር አፈር እንጂ ድንጋይ ከየት አለው? ግቢውን ዞርሁ፣ የቦዩን ዳር ዞርሁ፣ አንድ የሚረባ አጣሁ። መጨረሻ የወፍጮዬን መጅ፣ እህል የምፈጭበትን ድንጋይ፣ አነሣሁና ማጅራቴ ላይ ጫንሁት። ቦዩን ስሻገር ጎረቤቴ እንጉዳይ ከአጥሯ ብቅ ብላ፣

"ኧረግ! ብርቄ፣ ምን ሆነሻል?" ትላለች። መጄን አስተካክዬ አለፍሁ።

ትዋብ ደጇ ላይ ነበረች። ጎንበስ ብዬ ቆምሁ። ትንፋሼ አጠረኝ፤ አሮጊት ነኝ እኮ።

"አንች ሴት፣ በጠዋት እህል ልታስፈጪኝ መጣሽ?" አለች።

"ድንጋይ አጣሁ" አልኋት። "ትዋብ፣ በድዬሻለሁ። በልጄ ፊት፣ በሰው ፊት በድዬሻለሁ። ግድግዳው ይቅር። ስለ ግድግዳው አይደለም የመጣሁት።"

መጁ ከበደኝ። በመጨረሻ መጥታ ከማጅራቴ ላይ አነሣችልኝ፤ መሬት አላስቀመጠችውም፣ ታቅፋ ያዘችው።

"ያን ጊዜ እኔም አርግዤ ነበር" አለች። "ከዚያ ቀን በኋላ ሆዴን የሚያይልኝ ሰው አልመጣም። ብቻዬን ወለድሁ።"

ሁለታችንም ቆመን አለቀስን። ዓይኗን በክንዷ ጠርጋ ወደ ጓሮ መራችኝ። ጉድጓድ ውስጥ በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ ጭቃ አለ፤ ከጥር ጀምሮ ስታቦካው የቆየችው፣ ክረምቱ ሳይዘጋባት ገንቦና ጋን ልትሠራበት ያሰበችው ነው። ክረምቱ አልፎ መሬቱ እስኪደርቅ ሌላ የላትም።

"ዝናቡ ይቀድመናል፤ አዲስ የምናቦካበት ጊዜ የለም" አለች። "ይህን እንወስዳለን።"

"የዓመት ሥራሽን!"

"ገንቦ ሲሰበር ይጣላል። ቤት ይሁን እስቲ።"

ከአዱኛ ጭቃ የላላውን አራግፈን ሦስት ቀን ሠራን። ከደጋ የመጣ ነጋዴ ዘንድ ጭድ አገኘሁ። ትዋብ የተሰበሩ ሸክላዎቿን፣ ገሉን፣ ወቅጣ ጭቃው ውስጥ ጨመረች፤ እንዳይሰነጠቅ የሚያደርገው እሱ ነው። በእጇ ነው የምትመርግ። በአካፋ አትመታውም፣ ትዳብሰዋለች። ዝናብ ሲመጣ ሸራ እንጋርዳለን፣ ሲያባራ እንገልጣለን። ከላዩ እበት ቀባነው። ስንዱ አልጋዋ ላይ ሆና በማገሩ ቀዳዳ ታያት ነበር፤ ቀዳዳው እየጠበበ ሄደ።

"እማማ ትዋብ፣ ይህችን ትንሿን ብቻ ይተዉልኝ፣ ልይዎት" ትላለች።

"ዝም በይ፣ ነፋስ ይመጣብሻል" ትላታለች ትዋብ፤ ግን ያችን ቀዳዳ መጨረሻ ነው የደፈነቻት።

በሦስተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ የመጨረሻው ጎን ገና እርጥብ ሳለ ስንዱን ምጥ ያዛት። ባጃጅ ጠርተን ወረታ ጤና ጣቢያ ወሰድናት። ትዋብ እጇን ታጥባ ቦዩ ዳር ቆማ ቀረች፤ ልትከተል አልፈለገችም። ሌሊት ላይ ወንድ ልጅ ተወለደ። በማግስቱ ይዘናቸው ገባን። ነፋስ የለም። ውሃ የለም። ቤቱ የጭድና የእርጥብ አፈር ሽታ ይሸታል።

በሁለተኛው ቀን ልጁ ማልቀስ ጀመረ። ጡት ይዞ ይለቃል፣ ያለቅሳል። ከጠዋት እስከ ቀትር። ድምፁ ሰለለ። ስንዱም አብራ ታለቅሳለች። የእኔም ልብ ወደ ዱሮው ክረምት ሄደ። እንጉዳይ መጣች፣ ልጁን አየች፣ ግድግዳውን አየች፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ፣

"እኔስ ፈርቼ ነበር። በእጇ ዳብሳ የመረገችው ቤት ውስጥ ታስተኛለሽ? እንትፍ አስብያት፣ ሳይመሽበት" አለች።

እውነቱን ልንገራችሁ። ያን ሁሉ ይቅርታ ለምኜ፣ ያን መጅ ተሸክሜ፣ አንድ ጊዜ ልቤ ዘንበል አለ። እንትፍ ብትልለትስ፣ ምን ይጎዳል አልሁ። ይህን ያሰብሁት እኔው ነኝ።

በሩ ላይ ጥላ አየሁ። ትዋብ ናት። ልቅሶውን ከማዶ ሰምታ፣ ማንም ሳይጠራት ቦዩን ተሻግራ መጥታለች። ደፉን አላለፈችም።

"ልታስጠሪኝ ከመቸገርሽ በፊት ልምጣ ብዬ ነው" አለች። ድምፅዋ ቁጣ የለውም። "ልበልለት። ከንፈሬ ለምዷል።"

ይህን ቃል በሰማሁ ጊዜ በውስጤ አንድ ነገር ተሰበረ። ልጁን ከስንዱ እቅፍ አነሣሁ፣ በሩ ድረስ ሄድሁ፣ ትዋብ እጅ ላይ አስቀመጥሁት።

"እንትፍ አትይበትም" አልኋት። "ግቢ። አብረን ሐኪም ዘንድ እንወስደዋለን። አንች ትይዥዋለሽ።"

"ብርቄ!" አለች እንጉዳይ ደረቷን ይዛ።

"ሰምተሻል" አልኋት።

ትዋብ አቅፋው ዝም አለ ብዬ ብጨርስ ደስ ይል ነበር። አላለም። ስንዱንም ደግፈን ባጃጅ ገባን፤ እስከ ወረታ እየጮኸ ሄደ። ትዋብ አንገቷን አቀርቅራ፣ ፊቱን ላለማየት ዓይኗን ጨፍና ይዛው ሄደች። ግማሽ መንገድ ላይ፣

"እይው እንጂ፣ የልጅ ልጄ እኮ ነው" አልኋት።

አንድ ዓይኗን ከፈተች። ቀጥላ ሁለተኛውን።

"አፍንጫው ያንችን መስሏል፤ ምስኪን" አለች።

ሐኪሟ አይታው፣ ወተቱ ገና በደንብ አልወረደም፣ ልጁም አያያዙን አልለመደም አለች። ስንዱን አስቀምጣ አሳየቻት። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ጠባ፣ ተኛ። ነገሩ ይኸው ነበር።

አዱኛ? መጣ። በአንድ ሰኞ፣ ልጁ ሦስት ሳምንት ሲሞላው፣ አካፋውን ይዞ ብቅ አለ። ልሰድበው ያጠራቀምሁት ነበር፣ ግን ግድግዳውን በመዳፉ ሲዳብስ ሳየው ስድቡ ጠፋብኝ። "ማነው የሠራው?" አለ። ነገርሁት። "በዚያ ሰኞ የቀረሁት ሩዙ አሳፍሮኝ ነው እማማ" ብሎ የተቀበለውን መለሰልኝና ቦዩን ተሻግሮ ወደ ትዋብ ሄደ። ምን እንደተባባሉ አላውቅም፤ ሲመለስ ግን እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ነበር።

እናንተ የምታነቡኝ፣ እኔ ምክር የምሰጥ ሰው አይደለሁም። ግን አንድ የተማርሁትን ልንገራችሁ። ይቅርታ መለመን ቀላሉ ነው፤ ድንጋዩ ቢከብድም አንድ ጠዋት ነው። ከባዱ ልጅ ሲያለቅስ ነው። ፍርሃት ሲመጣ የዱሮው ልማድ ደጅ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ስሙንም ጥበቃ ይለዋል። እንጉዳይ ከዚያ ወዲህ እኔ ቤት ጠላ አትቀምስም፤ ሌሎችም አሉ። አልተጣላኋቸውም። እኔም አርባ ዓመት እንደነሱ ነበርሁ።

ልጁ ክርስትና ከተነሣ በኋላ ትዋብ ቤቷ ጠራችኝ። ገብቼ ተቀመጥሁ። የሹሮ ወጥ አቀረበች፣ ጠቅልላ አጎረሰችኝ። ታምኑኛላችሁ? አፌ ውስጥ ገብቶ ጉሮሮዬ እምቢ አለ። ልቤ ካመነ ሰንብቷል፣ ጉሮሮዬ ግን ገና አልሰማም። አፈርሁ። እንባዬ መጣ። ትዋብ አየችኝ፤ አልተቀየመችም፣ ውሃውን ወደ እኔ አስጠጋች።

"ቀስ ብለሽ አላምጪ ብርቄ" አለች። "የአርባ ዓመት ጉርሻ ነው።"